ጋሽ ሸምሱ በጥርሳቸው የሰሙት

ጋሽ ሸምሱ መሞታቸውን የነገረኝ ዓሣ ሻጭ ነው። ራስ ኢምራን ከሚባለው የዓሣ አጥማጆች መንደር በሳምንት ሁለት ጊዜ ዓሣ ያመጣልኛል። የዚያን ዕለት ሳጥኑን ደጃፌ ላይ አውርዶ እንደ ሌላው ጊዜ ስለ ባሕሩ አላወራም። ላቡን ጠረገና፣ "ያ ሐበሻው ሙሐንዲስ፣ አላህ ይርሐመው" አለኝ። ሙሐንዲስ እዚህ ዓደን መካኒክ የሚከበርበት ስም ነው።

አሟሟታቸውን ስጠይቀው አቀረቀረ። ከዙሁር ሶላት በኋላ ባሕሩ በተፋው አሮጌ የብረት ጀልባ ጥላ ሥር ተቀምጠው ነበር አለ። የረጅሟን ካቻቢቴያቸውን ጫፍ ብረቱ ላይ አሳርፈው፣ እጀታዋን ነክሰው፣ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። መንደርተኛው ልማዳቸውን ያውቃል፤ ሲያዳምጡ አይረበሹም። "ዝም በሉ፣ ሙሐንዲሱ እየሰማ ነው" እያሉ ሕፃናቱን ሲያባርሩ ቆዩ። የዐስር ሶላት ደርሶ ትከሻቸውን ሲነኳቸው ነው መቀዝቀዛቸው የታወቀው። ካቻቢቴዋ እንደተነከሰች ነበረች።

"ምን እየሰማ እንደነበር እንጃ" አለኝ ዓሣ ሻጩ። "ከእኛ ሁለት ሰዎች ጆሯቸውን ብረቱ ላይ ለጥፈው ሞከሩ። እኔ ግን አልሞከርኩም።"

እኔ እዚሁ ዓደን፣ ሁጀይፍ ሰፈር ውስጥ፣ ከወደቡ አጥር ማዶ፣ ለወዛደሮች ምሳና ሻይ የምሸጥ ሐበሻ ሴት ነኝ። የትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም፤ ፊደል የቆጠርኩት ዕቃ ተጠቅልሎ በሚመጣበት ጋዜጣ ነው። ወሬ ግን ይሆንልኛል። ሰው ምሳውን ከጨረሰ በኋላ እንኳ "ራውዳ፣ እስኪ ያችን ድገሚያት" ብሎ የሚቀመጥልኝ ነኝ። የጋሽ ሸምሱን ታሪክም ስንት ጊዜ አወራሁት መሰላችሁ። እስከ መጨረሻው ግን አውርቼው አላውቅም።

ጋራዣቸው ከእኔ ቤት ጋር በአንድ ግድግዳ የተጣበቀ ነበር። አባታቸው የመናዊ፣ እናታቸው የኮምቦልቻ ሴት ናቸው፤ ዓደን የገቡት ጎረምሳ ሆነው ነው። አሮጌ መኪና እንጂ አዲስ አይወዱም። "አዲሱ ኮምፒውተር ካልሰካህበት አይናገርም፤ አሮጌው ግን የሚሰማው ካገኘ ይናገራል" ይሉ ነበር።

በጦርነቱ ጊዜ ጓሯቸው ውስጥ ከባድ መሣሪያ ወደቀ። እሳቸውን አልነካቸውም፤ ሁለቱን ጆሯቸውን ብቻ ወሰደ። ለመካኒክ ጆሮ ማለት ምን እንደሆነ እናንተው ገምቱት። ሁለት ወር ያህል ጋራዡን ዘግተው ግድግዳ ሲያዩ ከረሙ። አንድ ቀን አንዱ ሹፌር ለምኖ አስከፈታቸው። ሞተሩ እየሠራ፣ ሁለት እጃቸው ዕቃ ይዞ፣ ካቻቢቴዋን ብረቱ ላይ ደግፈው እጀታዋን በጥርሳቸው ያዙት። እንደዚያው ሆነው ቀሩ። ደንግጬ ስጠጋቸው ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

"ራውዳ" አሉኝ፣ "ድሮ የምሰማው ከበር ውጭ ቆሜ ነበር። አሁን ገባሁ።"

ሲያዳምጡ ማየት ደስ አይልም ነበር፣ እውነቱን ልንገራችሁ። ካቻቢቴዋ ክንድ ታህላለች። ሲነክሷት ዓይናቸው ይገለበጥና ነጩ ብቻ ይቀራል። አገጫቸው ከሞተሩ እኩል ይንቀጠቀጣል። ከዚያ ያወጧትና በጨርቅ ጠርገው፣ "የውሃ ፖምፓው ኩሽኔታ ነው። ሦስት ሳምንት አለው" ይላሉ። ሹፌሩ ይስቃል፣ ይሄዳል። በሦስተኛው ሳምንት ተጎትቶ ይመጣል።

ከሰው ጋር የሚነጋገሩት ከንፈር እያነበቡ ነው፤ ዐማርኛም ሆነ ዓረብኛ አያመልጣቸውም። ሹፌሮቹ ሊያሟቸው ሲፈልጉ አፋቸውን በእጃቸው ይሸፍናሉ። የራሳቸውን ድምፅ ስለማይሰሙት ደግሞ አንዳንዴ እንደ ሹክሹክታ ቀስ ብለው ያወራሉ፤ ሰው ሁሉ ወደሳቸው ያጎነብሳል። ምሥጢር የሚነግሩት ይመስለዋል።

አንድ ጧት ለወዛደሮቹ ሻይ ይዤ ወደ ወደቡ ስሄድ ተከትለውኝ መጡ። ሥራ ጠፍቶ ሰዉ ተኮልኩሏል። ጋሽ ሸምሱ መርከብ የሚታሰርበት የብረት ጉቶ ላይ ካቻቢቴዋን አሳርፈው ነከሱ። "ትልቅ ናት" አሉ። "ከፕሮፔለሯ አንዱ ክንፍ ተጣሟል።" ባሕሩ ላይ ከጭጋግ በቀር ምንም አይታይም። ወዛደሮቹ ሳቁባቸው። አንዱማ፣ "ሙሐንዲስ፣ እስኪ ጥርስህን ሐኪም ይይልህ" አላቸው። ሻዩን አዳርሼ ብርጭቆ ስሰበስብ መርከቧ ከጭጋጉ ወጣች፣ ልክ እንደ ተራራ። ማንም አልሳቀም። ያ ተሳዳቢው ሻዩን ሳይጨርስ አስቀምጦ ሄደ።

ሰው የሚፈራቸው በሌላም ነገር ነበር። እሱን ለማውራት ስለ ቺንጋ ትንሽ መናገር አለብኝ፤ እኔም የተማርኩት ከሳቸው ነው። ሞተር ውስጥ ጥርስ ያለው ላስቲክ አለ፣ የታይሚንግ ቺንጋ ይሉታል። የሞተሩን የላይኛውንና የታችኛውን ክፍል እኩል የሚያዞራቸው እሱ ነው። ሽፋን ስላለው ከውጭ አይታይም፤ ሲያረጅም እንደ ሌላው ዕቃ አይጮኽም። ከተበጠሰ ግን የላዩና የታቹ ይጋጩና ሞተሩ በሄደበት ይሞታል። ስለዚህ ጋሽ ሸምሱ ቺንጋ በቀየሩ ቁጥር ሽፋኑ ላይ በነጭ ቀለም ዓመቱን ይጽፋሉ። በማን አቆጣጠር? በእኛ ነዋ! ዓመት መቁጠር ያስተማሯቸው እናታቸው ናቸው፣ በሌላው አይመጣላቸውም።

እናላችሁ ሹፌሩ ሌላ ቦታ ሽፋኑን ሲያስከፍት፣ መኪናው ገና ከባሕር ማዶ ሳይመጣ የነበረ ዓመት ተጽፎ ያገኛል። "ይህ ሰው መኪናዬን ሳልገዛት ነው የሠራት!" ይላል፣ ቢስሚላህ እያለ። ጂን አለባቸው የሚለው ወሬ የተነሳው ከዚህ ነው። እሳቸውም አያስተባብሉም። "እኛ አገር ገና እዚያ ዓመት ላይ ነን" ይላሉ በዚያች ሹክሹክታቸው።

አንድ ቀን ይህን ሲሉ ዓሊ ነበር። ዓሊ የደባብ ሹፌር ነው፤ ደባብ የሚሏት ትንሿን ሚኒባስ ነው። አሽ-ሸዕብ ከሚባለው ሰፈሩ እየመጣ በየቀኑ እኔ ዘንድ ፉል ይበላል፤ ቀልድ ሳይናገር ጉርሻ አይወርድለትም። ያን ቀን ግን ዳቦውን አስቀመጠ።

"አገርህ ገና እዚያ ዓመት ላይ ከሆነ አባቴ እዚያ አልሞተም ማለት ነው" አላቸው። "አይተኸዋል?"

ጋሽ ሸምሱ ጥቂት አሰቡ። "እስካሁን አላገኘሁትም" አሉት።

ዓሊ ከት ብሎ ሳቀ። እኔ ግን ሰውነቴን ወረረኝ፤ እሳቸው አልሳቁማ።

የደረቱ ነገር የመጣውም በዚሁ በዓሊ ነው። ከምሳ በኋላ ወንዶቹ ጫታቸውን ይዘው ጋራዡ ደጃፍ ተቀምጠዋል። ዓሊ ተነስቶ፣ "ሙሐንዲስ፣ ሁልጊዜ መኪናችንን ብቻ! እስኪ እኛንም ቼክ አድርገን፣ ዘይት ጨርሰን እንዳይሆን" አለ። ሁሉም ተንጫጫ፣ ተሰለፈ። ጋሽ ሸምሱም ያን ቀን ደስ ብሏቸዋል መሰል እሺ አሉ። አንዱን ደረቱን አዳምጠው፣ "ጭስ ማውጫህ ተደፍኗል፣ ሲጋራ ቀንስ" አሉት። ሌላውን፣ "ነዳጅህ ውስጥ ውሃ አለ፤ ሻዩን ያቀጠነችው ራውዳ ናት" አሉ፣ እኔን ለመንካት።

"ጋሼ፣ እንግዲህ ነገ ሻይ የለም!" ብዬ ጮህኩ። ሳቅ በሳቅ ሆነ።

መጨረሻ ላይ ዓሊ ሸሚዙን ከፈተ። ካቻቢቴዋን ደረቱ ላይ አሳርፈው ነከሱ። ዓይናቸው ተገለበጠ። ከሌሎቹ ይልቅ ቆዩ። አገጫቸው ይንቀጠቀጣል፣ ይቆማል፤ እንደገና ይንቀጠቀጣል፣ ይቆማል። ደጃፌ ላይ ሆኜ አየሁት። ከዚያ ካቻቢቴዋን አንስተው በጨርቅ ጠረጓት። ንጹሕ ሆና ሳለ ደግመው ጠረጓት።

"እህስ?" አለ ዓሊ። "ስንት ኪሎሜትር ቀረኝ?"

"ሂድ፣ ሻይህን ጠጣ" አሉት።

ዓሊ ፊታቸውን ትንሽ አየ። ሸሚዙን ቆለፈ፣ መጥቶም ሻዩን ጠጣ። ያ ጨዋታ ሁለተኛ አልተደገመም።

ሰው ሲበተን ጠጋ ብዬ፣ "ጋሼ፣ ምን ሰሙ?" አልኳቸው። ፊታቸውን ከከንፈሬ አዞሩ። እሳቸው ፊታቸውን ካዞሩ በር ዘጉ ማለት ነው፤ ቢጮኹባቸውም አይከፍቱም። ከዚያ ወዲያ ዓሊ ሲመጣ መኪና ሥር ይገባሉ፣ ወይ ዕቃ ፍለጋ ብለው ወደ ጓሮ ይሄዳሉ። እኔም ታዝቤያለሁ። ምን አገባኝ ብዬ ዝም አልኩ።

በዚያው ሰሞን እኅቴ ሉባባ ከስምንት ወር ልጇ ጋር እኔ ዘንድ ነበረች። ባሏ ቱርባ፣ ተራራው ላይ፣ ዳቦ ቤት ሥራ አግኝቶ ነይ ብሏታል። መንገዱ ላህጅን አልፎ ሜዳ ለሜዳ ይሄድና ዳገቱ ይመጣል፤ በአንድ ወገን ቋጥኝ፣ በሌላው ወገን ገደል። ዓሊ በዚያ መስመር መሥራት ከጀመረ ገና ወሩ ነው፤ ለዚሁ ብሎ አሽ-ሸዕብ ውስጥ ካንድ ሰው ሌላ ደባብ ገዝቷል። ሉባባን ከዓሊ ጋር ሂጂ ያልኳት እኔ ነኝ። የማላውቀው ሹፌር እኅቴን አይወስዳትም ብዬ።

በሚሄዱበት ጧት ዓሊ ተሳፋሪውን እንደጫነ ጋራዡ ደጃፍ ቆመ። "ሙሐንዲስ፣ ቺንጋዋን እይልኝ፣ ዳገት ነው የምወጣው" አለ። ጋሽ ሸምሱ ወደ ዓሊ ቀና ሳይሉ ኮፋኖውን ከፈቱ። እጃቸው ፈጠነ። ሽፋኑ ላይ በነጭ ቀለም የተጻፈውን ዓመት አዩና፣ "አምና የተቀየረ ነው። ሂድ" ብለው ኮፋኖውን ዘጉት። ካቻቢቴዋ ከኪሳቸው አልወጣችም። ሉባባ በመስኮቱ የልጇን እጅ ይዛ አወዛወዘችልኝ።

ረፋዱ ላይ ሻይ ሳቀብላቸው ለወሬ ያህል፣ "ጋሼ፣ የዓሊን አዲሷን መኪና አምና እርስዎ ነዎት እንዴ የሠሯት?" አልኳቸው።

"የቷን?"

"ጧት የሄደችውን። ካሽ-ሸዕብ የገዛትን። እዚህ ስትመጣ እኮ ዛሬ ገና መጀመሪያዋ ነው።"

ከንፈሬን ትኩር ብለው አዩ። "ዓመቱ የእኛ ነው" አሉ።

"አሽ-ሸዕብ ውስጥ በእኛ ዓመት የሚጽፍ ማን አለ ጋሼ?"

ብርጭቆውን ቀስ ብለው መሬት ላይ አስቀመጡት። ከንፈራቸው ሲቆጥር አየሁ። የእሳቸውን ልማድ የኮረጀ ሌላ መካኒክ ነበር የጻፈው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር። ለእሳቸው አምና የመሰላቸው ዓመት ካለፈ ስምንት ዓመት ሆኖታል። በዓደን ፀሐይ ደግሞ እንዲህ ያለ ላስቲክ የዚያን ግማሽ ከቆየ ትልቅ ነገር ነው።

"ዳገቱ ላይ ይበጠሳል" አሉ። ድምፃቸው ጣራውን አናጋው፤ ለሳቸው ግን ሹክሹክታ ነው።

ሉባባ ጋ ደወልኩ፤ ዝግ ነው። ዓሊ ጋ ደወልኩ። ይጠራል፣ ይጠራል፣ አይነሳም። እየነዳ ይሆናል አልኩ። እንደገና ደወልኩ።

የጎረቤታችንን የዓሣ ፒካፕ ለምነን ወጣን። ጋሽ ሸምሱ ከመደርደሪያው አዲስ ቺንጋ አንስተው፣ የዕቃ ሳጥናቸውን ፒካፑ ላይ ጭነው መሪውን ያዙ። እኔ ድስቴን እሳት ላይ ትቼ ነው የሄድኩት። መንገዱን ሙሉ አልተነጋገርንም፤ ዓይናቸው መንገዱ ላይ ስለሆነ ከንፈሬን አያዩም፣ ብጮህም አይሰሙ። ብቻቸውን ግን ያወራሉ። ማውራታቸውን ያወቁም አይመስለኝ። "ፊቱን ላለማየት ነው የቸኮልኩት" ይላሉ። "ፊቱን ላለማየት።" ላህጅን ስናልፍ በአንድ እጃቸው ካቻቢቴዋን ዳሽቦርዱ ላይ ደግፈው ነከሱ፤ የዓሊን ሞተር በዚህኛው ብረት ውስጥ የሚፈልጉ ይመስል። ብዙ ቆይተው አወጧት። "ምንም አይሰማም" አሉ። እኔ መደወሌን አላቋረጥኩም።

ፍተሻ ጣቢያ ላይ ወታደሩን ጠየቅሁት። "ዓሊ? አልፏል" አለኝ። "ዛሬ ምን ነክቶት ነው ግን? ሳይቀልድብኝ አለፈ።"

ዳገቱ ከሩቅ ሲታይ ነጭ ደባብ አየሁ። ከአስፋልቱ ወርዳ ጠጠሩ ላይ ቆማለች። ሰዎች በጥላዋ ሥር ተቀምጠዋል። የሉባባን ቀይ ሻሽ ለየሁት። ፒካፑ ሳይቆም ነው የወረድኩት፣ ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ። ጆሮዬ ውስጥ ይጠራል። ከፊት ለፊቴም ይጠራል። የደባቧ ዳሽቦርድ ላይ ያለ ስልክ ነው የሚጮኸው፤ ሁሉም ይሰሙታል፣ ማንም አያነሳውም። የምደውለው እኔ መሆኔን ስረዳ አጠፋሁት፤ ጸጥ አለ።

ሉባባን ከነልጇ አቅፌ ራሷን፣ ትከሻዋን፣ የልጅቷን እግር ሳይቀር ዳሰስኩ። ሁሉም ደህና ነው። ዓሊ ግን መሪው ላይ ግንባሩን ደግፏል።

"ምንም አላለም" አለችኝ ሉባባ። "ቀስ ብሎ ዳር ያዘ፣ ሞተሩን አጠፋ፣ የእጅ ፍሬን ሳበ። ከዚያ ጎንበስ አለ። ዱዓ የሚያደርግ መስሎን ዝም አልን። ብዙ ዝም አልን እኮ፣ ራውዬ! ልጄ እንኳ ዝም አለች።" አንዱ ተሳፋሪ ሰው ሊጠራ በእግሩ ወደ መንደር ሄዶ ነበር፤ የቀሩት ሬሳው ጋ መጠጋት ፈርተው ተቀምጠዋል። ስልኩ አንድ ሰዓት ሙሉ ሲጮኽባቸው ነበር።

ጋሽ ሸምሱ የዓሊን አንገት በጣታቸው ነኩ። ከዚያ ኮፋኖውን ከፍተው ሽፋኑን ፈቱ፣ ቺንጋውን አወጡት። በሁለት ጣት ሲያጎብጡት ጥርሶቹ እየረገፉ ወደቁ፤ ጥቂት ክሮች ብቻ ናቸው የያዙት። ጠርተው አሳዩኝ። "የዳገቱን ሩብ አይወጣም ነበር" አሉ። ቀና ብዬ ገደሉን አየሁ። ከዚያ ልጅቷን አየሁ።

ደባቧን ጎትተን እንሂድ ስላቸው፣ "ዓሊ ተጎትቶ ቤቱ አይገባም" አሉ። ወንዶቹ ዓሊን ኋላ ወንበር ላይ አጋድመው ሽርጥ አለበሱት። እሳቸው እዚያው ፀሐይ ላይ አዲሱን ቺንጋ መግጠም ጀመሩ። ላይና ታች ያሉትን ምልክቶች አገናኙ፣ ጥርሱን አንድ በአንድ ቆጠሩ። ከማስነሳታቸው በፊት ሞተሩን በቺያቬ በእጃቸው ሁለት ዙር አዞሩት፤ ስህተት ካለ የሚታወቀው በዚያ ነው። ሞተር በእጅ ሲዞር ይተነፍሳል። ቀስ ብሎ፣ ረዘም አድርጎ፣ "ፍፍፍ" ይላል። እዚያ የተቀመጥን ሁሉ አንድ ላይ ዞረን ያየነው ሞተሩን ሳይሆን የኋላውን ወንበር ነው። ጋሽ ሸምሱ ብቻ አልዞሩም።

ሌሎቹ ተሳፋሪዎች በሚያልፍ መኪና ወደ ፊት ሄዱ፤ ከመካከላቸው አንዱ ብቻ ፒካፑን ይዞልን ወደ ዓደን ተመለሰ። እኔና ሉባባ ከጋሽ ሸምሱ ጎን ተቀምጠን፣ ዓሊን ከኋላችን አድርገን አሽ-ሸዕብ ስንደርስ ለመግሪብ ጥቂት ቀርቶታል። ጎረቤቶቹ ዓሊን ተቀብለው አስገቡት። ሚስቱ ኡም ሳልም ኒቃቧን እንደለበሰች በሩ ላይ ቆማ ቀረች፤ ጋሽ ሸምሱ አንድ ነገር ልንገርሽ ብለው አስቁመዋታልና።

ነገሩን አላለሳለሱም። "ደረቱን ሰምቼው ነበር" አሏት በዓረብኛ። "አንድ እየዘለለ ነበር የሚመታው፤ እንደማይቆይ አውቄያለሁ። አልነገርኩትም። ዛሬ ጧት ደግሞ ፊቱን ላለማየት ብዬ ቺንጋውን በደንብ ሳላየው ሰደድኩት። ልቡ ባይቀድመው ኖሮ እኔ እነዚህን ሁሉ ሰዎች ገድዬ ነበር። ከሌላ ሰው እንዳትሰሚው ብዬ ነው።"

ኡም ሳልም የበሩን መቃን ያዘች። ከዚያ ተናገረች። ረጅም ነበር፣ ቀስ ብላ ነው። ጋሽ ሸምሱ ዓይናቸውን ፊቷ ላይ ተክለው ያያሉ፤ የሚያዩት ግን ጥቁር ጨርቅ ነው። ጨርቁ በትንፋሿ ገባ ወጣ ይላል። ከንፈር የለም።

ያለችው ይህን ነው። "ዓሊ ያውቅ ነበር። ሐኪሙ ከነገረው ቆይቷል፤ እሱ ግን መድኃኒት ሊሸጥልኝ ነው እያለ ያፌዝ ነበር። ካቻቢቴዋ ሥር የቆመው ሙሐንዲሱ ምንም የለብህም እንዲለው ነው። ያን ቀን ቤት ገብቶ፣ 'ሐበሻው ዕቃውን ሁለት ጊዜ ጠረገው' አለኝ፣ አለቀሰም። ያመነው ያን ቀን ነው። መንዳትህን ተው ብዬ ለመንኩት፣ አልሰማኝም። ግን ከዚያ ወዲህ የመንገዱን ዳር ለቆ አያውቅም። ዳገቱ ከመጀመሩ በፊት ይቆማል፤ ራሱን አዳምጦ ነው የሚወጣው። ዛሬም ለዚያ ነው የቆመው። ሰዎቹን ያተረፈው የሙሐንዲሱ ዝምታ ነው። ይህን ንገሪው፤ ከንፈሬን አይቶ ሊያነብ አይችልም።"

ጋሽ ሸምሱ ወደ እኔ ዞሩ። "ምን አለች?" አሉኝ።

የሉባባ ልጅ ትከሻዬ ላይ ተኝታለች፤ ላቧ አንገቴን አርሶታል። የረገፉት የቺንጋ ጥርሶች፣ ገደሉ፣ መታመሙን እያወቀ እኅቴን የጫነው ዓሊ፣ እያወቁ ሂድ ሻይህን ጠጣ ያሉት እኚህ ሰውዬ፣ ሁሉም አንድ ላይ መጣብኝ። ንዴት ነበር፣ ሌላ ስም አልሰጠውም።

"አላህ ይቅር ይበልህ ነው የምትለው" አልኳቸው።

ንግግሯ ያን ያህል ረዝሞ ይህች ብቻ መሆኗን ያልታዘቡ አይመስለኝም። ግን ራሳቸውን ዝቅ አድርገው "አሚን" አሉ። ኡም ሳልም ዐማርኛ አትሰማም፤ ሁሉንም የነገርኳቸው መስሏት እጇን ደረቷ ላይ አደረገችና ገባች።

በሁለት ሳምንት ውስጥ ጋራዡን ለቀው ራስ ኢምራን ገቡ፣ የጀልባ ሞተር ሊሠሩ። ሁለት ጊዜ ሄጄ ጠይቄያቸዋለሁ። ሁለቱንም ጊዜ ልነግራቸው ነበር የሄድኩት። መጀመሪያ ሰው አብሮን ነበር፤ በሁለተኛው ግን ብቻችንን ነበርን። ስለ ዓሣ አወራሁ፣ ስለ ሉባባ፣ ልጅቷ መቆም ስለ መጀመሯ። ዓይናቸው ከከንፈሬ ላይ አልተነሳም፤ ሳላወራም፣ ሻይ ስጠጣም ያዩታል። በቅርብ እመጣለሁ ብዬ ተነሳሁ።

የቀብራቸው ሳምንት ኡም ሳልም ደወለችልኝ። መሞታቸውን ሰምታ አልቅሳለች፣ ድምጿ ጎርንኗል። ደግ ሰው ነበሩ አለች፤ ስንት ሹፌር በሳቸው እጅ ቤቱ እንደገባ ቆጠረች። ከዚያ፣ "እኅቴ ራውዳ" አለችኝ፣ "ያን ቀን ያልኩትን በደንብ ነግረሽልኛል አይደል?"

"በደንብ" አልኳት።